ለኒውዚላንድ ገዥ፦ ወርቁ ስለምን ስምንት ዓመት ዘገየ?

እ.ኤ.አ. በ1853 የኒውዚላንድ ቅኝ ግዛት ገዥ ለነበሩት ክቡርነትዎ፤
ካሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን አለ? ካረፉ ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆነዎት ሰላምታዬ ዘግይቶብኝ ከሆነ አይቀየሙኝ፤ በእኔ ቤት ቀን መሳሳት ምን ያህል እንደተለመደ ከዚህ በታች ይረዱታል። እኔ ህዝቅያስ አባተ፣ ደሴ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ታሪክ ያስተማርኩ፣ ዛሬ ደግሞ ሳን ሆዜ ተቀምጬ በአቅራቢያው ያለውን የማውንቴን ቪው ከተማ ቢሮዎች ሠራተኞች በሻትል አውቶቡስ የማመላልስ ሰው፣ ቅሬታዬን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጄ ሩሓማ ለታሪክ ፕሮጀክት ዕጣ ስታወጣ የደረሳት የእርስዎ ግዛትና የእርስዎ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ከለንደን የመጣውን ሕገ መንግሥት አውጀው የመጀመሪያውን ምርጫ እንዳካሄዱ፣ ድምፅ የሚሰጠውም ንብረት ያለው ወንድ ብቻ ስለነበር መሬታቸውን በጋራ የሚይዙት የአገሩ ባለቤቶች ማኦሪዎች አብዛኞቹ እንደ እንግዳ ውጭ መቅረታቸውን አሁን ተረድቻለሁ፤ ስለ ቸርነትዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ያን ጊዜ ግን አላወቅኩም። ልጄ ጉግል ላድርግ ስትለኝ፣ እኔ እያለሁልሽ ብዬ ከደሴ ይዤው የመጣሁትን የማስተማሪያ ደብተር አወጣሁ። 1853 ከሚለው ሥር፣ በግንቦት ወር ኦታጎ በተባለ የኒውዚላንድ ምድር ወርቅ ተገኘ ይላል። ፖስተሩን ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ቀባነው።

ሁለተኛ፦ ክቡርነትዎ ያንን ወርቅ ቶሎ ቢያስቆፍሩት ምን ነበረበት? ሩሓማ ኢንተርኔቱ 1861 ይላል ብላኝ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ታሪክ ያስተማረው ኢንተርኔቱ ነው ወይስ አባትሽ ብዬ አፏን አስያዝኳት። ክፍሉ ፊት ቆማ ወርቅ ፍለጋ የጎረፈውን ሕዝብ ስትተርክ መምህርቷ በትህትና አስቆመቻት፤ እሷ ግን ማይ ዳድ የታሪክ አስተማሪ ነው ብላ ድርቅ አለች። ልጆቹ ሳቁባት። ቤት ስትመጣ ዓይኗ ቀልቶ ሳይ ደሜ ፈላ።

ሦስተኛ፦ በማግስቱ ፈረቃ አስቀይሬ፣ ሱፌን ለብሼ፣ ደብተሬን በብብቴ ይዤ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄድኩ። መምህርቷን ላፋጥጥ ማስረጃዬን ስገልጥ፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ በገዛ እጄ ጽሑፍ፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፣ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የሚል አነበብኩ። ለደሴ ተማሪዎቼ እንዲቀላቸው የፈረንጁን ዘመን ሁሉ የቀየርኩት እኔው ነኝ። የእኛ ግንቦት 1853 የእናንተ 1861 መሆኑን ደግሞ የገዛ ልደቴን ለኢምግሬሽን ፎርም ስቀይር የኖርኩ ሰው ማወቅ ነበረብኝ። ላመሰግንሽ ነው የመጣሁት ብያት፣ ሩሓማ ዓርብ እንደገና እንድታቀርብ ፈቅዳልኝ፣ ላብ በላብ ሆኜ ወጣሁ።

ለልጄ የነገርኳት ስለ ዓርቡ ብቻ ነው። የተሳሳተችው መምህርቷ እንደሆነች አምና ስለ እኔ ስትከራከር እሰማለሁ፣ አፍራለሁ። ክቡርነትዎም ምርጫውን አካሂደው የተመረጠውን ምክር ቤት አንድ ቀን እንኳ ሳይጠሩ፣ በዓመቱ የመጨረሻ ቀን መርከብ ተሳፍረው መሄድዎን አንብቤ ልወቅስዎ ከጀልኩ። ከዚያ ከትምህርት ቤቱ ፓርኪንግ እንዴት ፈትልኬ እንደወጣሁ ትዝ ሲለኝ ተውኩት።

ታሪክዎን ያለፈቃድዎ ስምንት ዓመት ያስቀደመ፣ ልጁን ለሳቅ የዳረገ፣ እስከ ዛሬም ራሱን መምህር ብሎ የሚጠራ ትሑት ታዛዥዎ፣
ህዝቅያስ አባተ፣ ከሳን ሆዜ።

ፊርማዬን ካኖርኩ በኋላ፦ ይህን ግልጽ ደብዳቤ ልጄ በማታነበው ፊደል መጻፌን የሚታዘብ አይጠፋም። እውነቱን ነው፣ ፈርቼ ነው። ይሁንና አሁን ሩሓማ አዲሱን ፖስተር እይልኝ ብላ ጠራችኝ። 1853 ከሚለው ሥር፣ በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ በአባቴ አቆጣጠር 1845 ብላ ጽፋለች። ለካ ጉዴን ያጫወትኳት ባለቤቴ ሙሉመቤት ስህተቱ የእኔ መሆኑን ገና ድሮ ነግራታለች፤ ልጄም የማታውቅ መስላ፣ እኔ እስክናገር ስትጠብቅ ነው የከረመችው። ነገ አብሬያት ገብቼ አቆጣጠራችንን ለክፍሉ እንዳስረዳ ትፈልጋለች። ክቡርነትዎ የተመረጡትን ሰዎች ሳይጠሩ ሄዱ፤ እኔን ግን ልጄ ጠርታኛለችና መርከብዎን ሳይጠብቁኝ ያስነሱት።