የደረብሽው አንቲቫይረስ

እህት ዓለም፣

ኮምፒውተሩን ትቼልሻለሁ። የሚንቀራፈፈው ስላረጀ ብቻ አይደለም። «አንዱ ቢያመልጠው ሌላው ይይዘዋል» ብለሽ ሁለት አንቲቫይረስ ስለጫንሽበት ነው። ያቺ ሚጢጢ ሜሞሪ ሁለቱን አትችልም። ድሮ የነበረውን ትቼ አንቺ የደረብሽውን አንስቻለሁ፤ መልሰሽ እንዳትጭኚው። ፍተሻውን ምሳ ሰዓት ላይ አድርጌዋለሁ፤ ያኔ ሌላ ነገር አትክፈቺ።

ደግሞ «ይጥፋ?» ብሎ ሲጠይቅሽ ሳታነቢ እሺ አትበይ።

የእማዬን የመጨረሻ ድምፅ ያጠፋሽው እንደዚያ ነው። የደረብሽው አንቲቫይረስ ፋይሉን ተጠራጥሮ ጠየቀሽ፤ አንቺ እሺ አልሽው።
ያጠፋሁት እኔ አልነበርኩም።

ቅጂው ስልኬ ላይ ነበር። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ስትፈልጊው፣ ስታለቅሺ፣ እያየሁ ዝም አልኩ። ስንቴ ልሰጥሽ ተነስቼ፣ ዘመድ አዝማድ ፊት «ይሄ ዝርክርክ አጠፋው» ያልሽኝ ትዝ ሲለኝ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ቅጂውን ይዤው ሄጃለሁ። የቤቱ ቁልፍ ጎረቤት ጋ ነው።

እማዬ እዚያ ላይ ምን እንደምትል ግን ልንገርሽ። አጠገቧ ሆኜ እጇን የያዝኳት እኔ ነኝ። እሷ ግን ተናግራ እስክትጨርስ ድረስ የጠራችው ያንቺን ስም ነው።