የተመለሰው ኪሎ

ውድ እህቴ ሚጣዬ፣

ካረፍሽ ዘጠኝ ወር ሞላ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልሽ ቃል ጠፍቶኝ አይደለም፤ የምጽፈው ሁሉ ሰበብ እየሆነብኝ ስቀደው ነው የከረምኩት። ዛሬ ነገሩን ከነአመጣጡ ልንገርሽ። አስተማሪ አይደለሽ፤ ተማሪ ከመሃል ጀምሮ ሲያወራሽ አትወጂም ነበር።

የምርመራው ውጤት የመጣ ቀን እማዬን መሃል አድርገን ሐኪሙ ፊት ተቀምጠናል። ኩላሊትሽ መሥራት አቁሞ እጥበት ከጀመርሽ ሦስተኛ ዓመትሽ ነበር፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አራት አራት ሰዓት ደምሽ ከማሽኑ ጋር ይመላለሳል። ሐኪሙ ወረቀቱን አገላበጠና፣ "ደማችሁ ተስማምቷል። ኩላሊትህም ጤነኛ ነው፣ ልትሰጣት ትችላለህ። ያልተስማማኝ ክብደትህ ነው" አለኝ። መቶ አሥራ ሁለት ኪሎ ነበርኩ። ከዘጠና በታች ካልወረድኩ ቀዶ ጥገናውን እንደማይሠራ ነገረን። እማዬ አንገቷን ደፋች። አንቺ ግን፣ "ጋሼ፣ ኩላሊቱ ራሱ ስንት ኪሎ ነው? መጀመሪያ እሱን ቀንሰው ይመዝኑህ እንጂ" አልሽ። ሐኪሙ እንኳ ሳቁን መያዝ አቃተው።

ከዚያ ወደ ሥነ ምግብ ባለሙያዋ ላከኝ። ረጋ ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል ሴት ናት። ያሰብኩትን ነገርኳት። ጠዋት ውሃ፣ ቀን የተቀቀለ ጎመንና አንድ እንቁላል፣ ማታ ምንም።

"ይሄን አመጋገብ ዕድሜ ልክህን ትዘልቀዋለህ?" አለችኝ።

"ዕድሜ ልክ ማን ጠየቀኝ? እኔ የምፈልገው እስከ ቀጠሮው ቀን ብቻ ነው።"

ልታስረዳኝ ሞከረች፤ አልሰማኋትም። ተመልሼም አልሄድኩም።

ታውቂያለሽ፣ አውቶብስ እየነዱ መራብ ሌላ ነው። በሁለተኛው ወር አንድ ፌርማታ ሳላቆም አለፍኩ። ተሳፋሪዎች በሩን እየደበደቡ ሲጮሁ ነው ወደ ራሴ የተመለስኩት። ዓይኔ ክፍት ነበር፣ እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። የስምሪት ኃላፊው ለአንድ ሳምንት ከመሪ አወረደኝ። አንቺን ዕረፍት ወጣሁ ብዬ ዋሸሁሽ። በአራተኛው ወር ሰማንያ ዘጠኝ ገባሁ፤ የቀዶ ጥገናው ቀንም ተቆረጠ። ቀበቶዬ ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በስቼ ስመጣ፣ "ጋሼ፣ ሰው መሰልክ እኮ" አልሽኝ። ቀጥሎ ፊቴን አየሽና ፈገግታሽ ጠፋ።

ቀዶ ጥገናው ስድስት ቀን ሲቀረው ትኩሳት ያዘሽ። ኢንፌክሽኑ ሳንባሽ ደርሶ ነበር። ሐኪሙ፣ "እስክታገግም ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ አንተ ክብደትህን ጠብቀህ ቆይ" አለኝ። እሺ ብዬው ወጣሁ። መንገዱን ተሻግሬ ዳቦ ቤት ገባሁ። አንቺ ኦክሲጅን አፍንጫሽ ላይ ተደርጎልሽ ተኝተሻል፤ እኔ ባንኮኒው ጋ ቆሜ ትኩስ ዳቦ እበላለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ በኋላ መቁጠሩን ተውኩት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ጣዕሙ ትዝ አይለኝም። አራት ወር አንቄ የያዝኩት ነገር ከእጄ አመለጠ፣ መልሼ የምይዝበት አቅም አላገኘሁም።

እስክታገግሚ አምስት ወር አለፈ። በአምስት ወር ውስጥ የቀነስኩትን ሁሉ ከነጭማሪው መለስኩት። እጥበት ክፍል አጠገብሽ ስቀመጥ ወፍራሙን ኮቴን አላወልቅም ነበር። ክፍሉ ይሞቃል፣ ላቡ በጆሮ ግንዴ ይወርዳል።

"ጋሼ፣ ኮትህን አውልቅ፣ ይሞቃል።"

"አይሞቀኝም።"

"አይቻለሁ እኮ" አልሽ፣ ዓይንሽን ከማሽኑ ሳትነቅዪ። "ካየሁ ቆየሁ። ዝም ብለህ አውልቅ።"

አወለቅኩት። አንድ ቃል ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር። ኮቱን ተቀብለሽ እግርሽ ላይ ደረብሽው።

ሐኪሙ ዝግጁ ነሽ ብሎ ሲጠራን ሚዛኑ ላይ መቶ አሥራ ሰባት ሆኜ ተገኘሁ፤ የደም ግፊቴም አሻቅቧል። ሦስት ወር ጊዜ ሰጠኝ። እንደገና ውሃና ጎመን። የተጣላነውም ያን ሰሞን ነው። ራት ቀርቦ፣ "ለእኔ ብለህ አትራብ፤ ና ከእኔ ጋር ብላ" አልሽኝ። እኔ ደግሞ ረሃቡ አፌን አምርሮት፣ "አንቺ እንድትድኚ ብዬ ነው የምራበው፤ ቢያንስ ምግብ ፊቴ ላይ አትደርድሪ" አልኩሽ። እማዬ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "አውቃለሁ። የሚከብደኝም እሱ ነው" አልሽና መብላትሽን ቀጠልሽ።

እንዴት ትበዪ እንደነበር ያኔ ልብ አላልኩትም። አሁን ግን ከዓይኔ አይጠፋም። የቀኑን ውሃሽን ሐኪም ባዘዘልሽ ልክ ጠዋት ለክተሽ ታስቀምጪና ጉንጭ ጉንጭ እያደረግሽ እስከ ማታ ታዳርሻለሽ። ጨው የለም። ድንቹ ለኩላሊትሽ እንዳይከብድ ተቀቅሎ ውሃው ይደፋል። ግማሽ ፖም አራት ቦታ ትቆርጪና የተማሪዎችሽን ደብተር እያረምሽ በቀስታ ትጨርሻታለሽ። አንድም ቀን በምግብ ስትነጫነጪ አልሰማሁሽም። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖርሽ፤ እኔ አራት ወር መዝለቅ አቃተኝ። ነገሩን የሚያውቅ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ፣ እንዴት ቻልሽው ብዬ አንዴ እንኳ አልጠየቅኩሽም።

ሦስቱ ወር ሳይሞላ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ልብሽ ቆመ። እኔ መሪ ላይ ነበርኩ። መቶ ስምንት ደርሼ ነበር፣ ሚጣ። አሥራ ስምንት ኪሎ ቀርቶኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልንገርሽ። ሊያጽናናኝ የመጣ ሰው ሁሉ ብላ ይለኛል፤ እኔም በላሁ። መቶ ሃያ አንድ ገባሁ። በአምስተኛው ወር ጨክኜ ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩና፣ "ኪሎዬ ባይመለስ ኖሮ ትተርፍ ነበር?" ብዬ ጠየቅኩት። በሩን ዘጋና አጠገቤ ተቀመጠ። "ቀዶ ጥገናውን ቶሎ እንሠራው ነበር። ልቧ ግን ቀደም ብሎ ተጎድቷል። ትተርፍ ነበር ብዬ አልምልልህም፤ አትተርፍም ነበር ብዬም አልዋሽህም" አለኝ። ስላልሸነገለኝ አመሰግነዋለሁ። ቢሆንም ያችን ቃል ተሸክሜ ነው የምኖረው።

ከእሱ ቢሮ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ያች የሥነ ምግብ ባለሙያ አገኘችኝ። አወቀችኝ። ክፍሏ ወስዳ አስቀመጠችኝና፣ "አሁንስ ቀጠሮው መቼ ነው?" አለችኝ።

"ቀጠሮ የለም" አልኳት፤ አለቀስኩ። እንደ ልጅ ነው ያለቀስኩት።

ለቅሶዬ እስኪያልፍ ጠበቀችኝ። "እንግዲያው አሁን መጀመር እንችላለን" አለች። "የምትወደው ምግብ ምንድን ነው?"

"ዳቦ።"

"ዳቦ ይኖራል። የማትዘልቀውን ነገር እዚህ ወረቀት ላይ አንጽፍም።"

አሁን ቁርሴን በልቼ ነው ወደ ሥራ የምወጣው። ምሳዬን ይዤ እሄዳለሁ፤ ግማሹ አትክልት ነው፣ የቀረው ምስር ወይም እንቁላልና ሩዝ። ራት እበላለሁ። ኬክ ካማረኝ ቁጭ ብዬ አንድ ቁራጭ እበላለሁ፣ ቆሜ ግን አልበላም። ስመለስ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ። ትኬት ቆራጩ፣ "ሾፌር፣ ምሳ ዕቃህ ካንተ ቀድሞ ከሳ" እያለ ይቀልድብኛል። በአራት ወር ሰባት ኪሎ ነው የቀነስኩት። ድሮ ይህን በአንድ ወር እጥለው ነበር። ባለፈው ወር አንድ ኪሎ ተመልሶ መጣ። ደነገጥኩ፤ ቢሆንም ምሳዬን አልዘለልኩም።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ትናንት የሆነው ነው። ከእማዬ ጋር ምሳ ላይ ነን። እሷ ያው እንደ ወትሮዋ ምግቡን ትነካካለች እንጂ አትበላም። ሳህኔን ትክ ብላ ስታይ ቆየችና፣ "ይሄን ያህል ብቻ ነበር?" አለችኝ።

"ምኑ እማዬ?"

"እንዲህ መብላት። ያኔም ይሄን ያህል ብቻ ነበር የተፈለገው?"

ልትወቅሰኝ ብላ አይደለም። ከልቧ ነው የጠየቀችኝ።

"ቀላል አይደለም፣ እማዬ" አልኳት። "ይቻል ነበር ግን።"

ራሷን ነቀነቀች። እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። ከዚያ የዳቦውን ሳህን ወደ ራሷ ሳበችና፣ "ስንት ቁራሽ ነው የተፈቀደልህ?" አለችኝ።

"የሚከለክለኝ የለም። አንድ ይበቃኛል።"

አንድ ሰጠችኝ። ለራሷም አንድ አነሳች። ካረፍሽ ወዲህ ቁራሽ ስትጨርስ ያየኋት ትናንት ነው።

ይቅር በዪኝ አልልሽም፤ አልፈርድብህም እንደምትዪኝ አውቃለሁ፣ የባሰ የሚያመኝም እሱ ነው። አንድ ነገር ግን ቃል እገባልሻለሁ። እማዬ ብቻዋን ገበታ ላይ አትቀመጥም። እኔ እስካለሁ አብሬያት እበላለሁ።

ያንቺው ጋሼ