የእሑድ ማታ ስም ጥሪ

ለወንበር ጓደኛዬ፤

ከሁሉ በፊት ይህን እወቅልኝ። በዚህ ከተማ ውስጥ ከእኔ የተሻለ የእጅ ጽሑፍ ያለው ሰው የለም። ሐኪም አውቃለሁ፣ ዳኛ አውቃለሁ፣ አንዳቸውም አይደርሱብኝም። ደግሞ ደብዳቤውን በአንድ መቀመጫ ነው የጻፍኩት። እሺ፣ በአንድ መቀመጫ ያልኩት ወንበሩ አንድ ስለሆነ ነው እንጂ ከጀመርኩት ሰነባብቷል፤ መስመሩንም በማስመሪያ ያሰመረችልኝ ባለቤቴ ናት። ስለ እጅ ጽሑፌ ያልኩትን ግን አላጥፍም፤ ያው እያየኸው ነው።

ሰላምታዬ ካለህበት ይግባ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? ባለፈው ጋሪውን ስትገፋ በአንድ እጅህ ደግፈኸው ስላየሁ ነው። እህትህ ደህና ናት? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ጎማ ባነሳሁ ቁጥር እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል። ባለቤቴም ልጄም ደህና ናቸው፤ መንገድ ላይ ያገኘሁትን ማስታወቂያ ሁሉ ጮክ ብዬ ስለማነብ ግን ከእኔ ጋር መውጣት ትተዋል።

ባለፈው ስንገናኝ ብዙ ቀባጥሬ ዋናውን ሳልነግርህ ተለያየን። ስልክህን ብጠይቅህ ስልክ የለኝም አልከኝ፣ ኪስህ ውስጥ እየጮኸ። አልተቀየምኩም። ይህን ለምትሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት ዘበኛ እሰጠዋለሁ፣ እሱ ያቀብልህ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ነው።

መቼም አትረሳውም፤ እስከ አራተኛ ክፍል ፊደል ሳልለይ የተሻገርኩት በአንተ ሹክሹክታ ነው። አንተ በግራ ጎኔ ታንሾካሹካለህ፣ እኔ እንደ ሬዲዮ አስተላልፋለሁ። አንድ ቀን ምንባቡን በቃሌ አስጠንተኸኝ መጥተን መምህሩ ተነስተህ አንብብ አሉኝ። አነበብኩ። የሚያርፉበት ቦታ ላይ እንኳ እያረፍኩ። እሳቸውም ቀስ ብለው መጡና መጽሐፉን ከእጄ ወስደው ከደኑት። እኔ ማንበቤን ቀጠልኩ። ክፍሉ በሳቅ አበደ፤ አንተ ብቻ አልሳቅህም፣ ተቀመጥ ለማለት ሱሪዬን ትጎትታለህ። ጡሩምባ የሚለው ስም የወጣልኝ ያኔ ነው። በዚያው ዓመት አባቴ ታመሙና ጎሚስታ ቤት ገባሁ፤ ጎማ ስነፋና ስለጥፍ ኖሬ ይኸው ዛሬ የራሴ አለኝ።

ዓምና አንድ ታክሲ ነጂ ጎማ ሊያስለጥፍ መጥቶ ሳቄን ሰማና አንተ ጡሩምባው አይደለህም እንዴ አለኝ። ያ ከኋላ ተቀምጦ ማስቲካ የሚያኝከው ልጅ ነው። የክፍላችን ልጆች በቴሌግራም ግሩፕ እንዳላቸው ነግሮኝ እዚያው ቆሞ አስገባኝ። ሰው ሁሉ ይጽፋል፣ እኔ በድምፅ እቀልዳለሁ። እጄ ግራሶ ስለሆነ ነው የማልጽፈው ብያቸው አምነውኛል። ለተጻፈ ነገር ሁሉ ያንን ሁለት እጅ የተጋጠመበትን ምልክት እልካለሁ። ለልደትም ይሆናል፣ ለሠርግም ይሆናል፣ ቤት ለሚያከራይም ይሆናል።

እሑድ ማታ ደግሞ ስም ጥሪ አለ። የክፍል አለቃችን፣ ያቺ ዝም ብላ አይታ የምታስለቅሰን ልጅ፣ ዛሬ ፋርማሲስት ናት። ስማችንን በድሮው ተራ በድምፅ ትጠራለች፣ እኛም በድምፅ አቤት እንላለን። ራሰ በራው አቤት፣ አያት የሆነችው አቤት፣ ስብሰባ ላይ ያለው በሹክሹክታ አቤት። ለሞቱት ደንብ አለን፤ በተራ ከሟቹ ቀጥሎ ያለው ሰው ስለ እሱ «አርፏል» ይላል። በመዝገቡ ከአንተ ቀጥሎ ያለሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ የአንተ ስም ሲጠራ ጸጥታ ነበር፤ የት እንደገባህ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን አለቃችን የልጅነት ፎቶህን ለጠፈች። ከሥሩ ጽሑፍ ነበረው። እኔ ፎቶህን በማየቴ ደስ ብሎኝ እንደ ልማዴ ሁለቱን እጆች ላክሁ። ወዲያው ጽሑፉ ጎረፈ፣ የሻማ ምልክት ጎረፈ። ሻማው ሲበዛ ደነገጥኩ። ለካ ሞቷል ብዬ ጎማ እየነፋሁ አለቀስኩ፤ ደንበኛዬ አቧራ ገብቶብህ ነው አለኝ፣ አዎ አልኩት። እሑድ ስምህን ጠርታ ቆም አለች። ከእኔ የሚጠበቀው ገባኝና «አርፏል» አልኩ። በየሳምንቱ አልኩ።

የማታ ትምህርት የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው። ለሰው የምናገረው ደረሰኝ ለመጻፍ ብዬ ነው። እውነቱ ግን ያን ሁሉ ጊዜ ሲያንሾካሹክልኝ ለኖረ ልጅ ሰው ምን ብሎ እንደጻፈለት በራሴ ዓይን ማየት ፈልጌ ነው። አስተማሪያችን የልጄ እኩያ ናት፤ አባባ ዝቅ አድርገው ያንብቡ፣ ጎረቤት አለ ትለኛለች። ፊደሉ እጄ ሲገባ ስልኬን ይዤ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ እስከ ፎቶህ ድረስ ወጣሁ። ከሥሩ የተጻፈው እንዲህ ነበር፤ «ጡሩምባ፣ አብራችሁ ነበር የምትቀመጡት። ሞቷል የሚል ወሬ ሰምተናል፣ እውነት ነው?»

ከዚያ በታች የእኔ ሁለት እጆች። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ለቅሶ ነው።

እነሱ ከእኔ ሰሙ፣ እኔ ከእነሱ ሰማሁ። ከመሃላችን የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። ደብተሬን እንኳ ሳላጥፍ ቆሜ ቀረሁ፤ ከመደንገጤ ይልቅ ደስታዬ እንደበለጠ ልደብቅህ አልችልም።

በማግስቱ ጎሚስታ ቤቴን ዘግቼ የድሮ ሰፈራችሁ ሄድኩ። እህትህን አገኘኋት፤ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው የሚሠራው አለችኝ። መጣሁ። አንተም የአንሶላውን ጋሪ እየገፋህ ብቅ አልክ፣ የግራው ጎማ ተንፍሶ። ሌላ ሰው ቢሆን ያቅፍ ነበር፤ እኔ በዚህ ጎማ ነው የምትገፋው ወይ አልኩህ። ምን ላድርግ፣ አፌ ነው። ጎማውን ፈትቼ ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክሬ ቀዳዳውን ስፈልግ፣ አንተ ባልዲውን ደግፈህ፣ ስለ ግሩፑ ነገርኩህ። አውቃለሁ፣ እህቴ ማን እንደሆነች ሳትናገር ገብታ አሳይታኛለች፣ ለቅሷችሁን አንብቤዋለሁ አልከኝ። ቢኖር ኖሮ ፕሮፌሰር ይሆን ነበር ያሉትንም አንብበሃል። ተወው፣ እንደዚያው ይቅር አልከኝ። አንደኛ ይወጣ የነበረው ልጅ የት ደረሰ ብሎ የሞተን ሰው የሚጠይቅ የለም አልከኝ። አረፋው የወጣው ያኔ ነው። ሁለታችንም ባልዲው ላይ አቀርቅረን ስለነበር ፊትህን አላየሁትም።

ያን ቀን ጎማህን ለጥፌ ሄድኩ፤ መልሱ አሁን አለኝ። ያንን ለቅሶ እኔም አንብቤዋለሁ፤ ቀስ እያልኩ ስለማነብ ምናልባት ከአንተ የበለጠ አንብቤዋለሁ። ፕሮፌሰር ያሉት ሁለቱ ናቸው፣ እነሱ ድሮም ጉረኞች ነበሩ፤ ጉረኛን እኔ አውቃለሁ። ሌላው የጻፈው እርሳስህን ለሁለት ሰብረህ እንደሰጠኸው ነው። ታክሲ ነጂው የጻፈው ዝናብ ሲመጣ የመጽሐፍ ቦርሳህን በእሱ ራስ ላይ እንደደፋህለት ነው። የት ደረሰ ያለ የለም።

ባለፈው እሑድ ነገርኳቸው። አለ አልኳቸው፤ በሕይወት አለ፣ ይሠራል፣ ጠጉሩም ከሁላችሁ ጠጉር ይበልጣል። ከዚያ አለቃችን የድምፅ መልእክት ላከች። ብከፍተው ቃል የለበትም፤ ትንፋሽ ብቻ ነው። ትስበዋለች፣ ትይዘዋለች፣ ትለቀዋለች። ይህቺ ሴት የሌሎቻችንን ስም ኪኒን እንደሚቆጥር ሰው ነው የምትጠራው። የአንተ ላይ ስትደርስ ግን ድምፅዋ ዝቅ ይላል። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ጡሩምባም የሚያቆምበት አለው።

እሑድ ማታ ጎሚስታ ቤቴ ና። ዘበኛው ቦታውን ያውቀዋል፣ ብስክሌቱን የምጠግንለት እኔ ነኝ። ስልኩ ከእኔ፣ አቤት ማለቱ ብቻ ከአንተ። እስከዚያው ጤናውን ያድልህ፤ ወገብህን ያጽናልህ፤ የምትገፋው ሁሉ ይቅለልህ። እህትህን ዕድሜ ይስጥልህ፤ ለእሷም ሰላም በልልኝ።

እዚህ ላይ ልፈርም ብዬ አልሆነልኝም። ከጻፍኩልህ ውስጥ አንዱን ፈጥሬዋለሁ። አልነገርኳቸውም። ትንፋሹ እውነት ነው፣ ስልኬ ውስጥ አለ፤ ግን የላከችው «አርፏል» ያልኩ የመጀመሪያው እሑድ ነው። እኔ ቀኑን ነው ያዛወርኩት። ነገሩ አንዴ ወጥቷል ብትል ትመጣለህ ብዬ ነው፤ ሳነበው ደግሞ አንተን መጎተት ሆነብኝ። ተወው ያልከኝን ጠብቄልሃለሁ፤ ከክፍላችን ልጆች ከእኔ በቀር መኖርህን የሚያውቅ የለም። መምጣቱም መቅረቱም በእጅህ ነው።

ባለፈው እሑድ በእውነት የሆነውን ልንገርህ። ስምህን ጠራች፣ ተራዬ ደረሰ፣ ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለ። እሷም ወደ እኔ ስም አላለፈችም። መልሳ አንተን ጠራች።

የወንበር ጓደኛህ