በድል በዓል ሦስት ጊዜ ይተኮሳል ስለተባለው የአቶ ወንዳፈረው ጠመንጃ

ሆሳዕና፣ ሚያዝያ ፲፱ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.

ለክቡር ፊታውራሪ ኃይሉ ደስታ
የድል በዓል የጥንት መሣሪያ ትርኢት አሰናጅ ኮሚቴ ሊቀ መንበር

ግልባጭ፦ በልብስ ሰፊው በአቶ አበራ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ለሚያነብ ሁሉ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት፣ የቤተሰብዎን ደኅንነትና የበቅሎዎን ብርታት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ኮሚቴዎ ውሳኔውን ካሰማበት ቀን ጀምሮ እህል ከጉሮሮዬ አልወርድ ከማለቱና እንቅልፍ ከመክዳቱ በቀር ምንም አልሆንኩም።

ለማያውቁኝ ለማስታወቅ ያህል፣ ብዙነህ ላምቤቦ እባላለሁ። ገብስና ስንዴ ነጋዴ ነኝ። ጣልያን ከወጣ ወዲህ አሮጌ ጠመንጃ መሰብሰብ አመል ሆኖብኝ፣ ሰው በገበያ ቀን በሬና ላም ሲያማርጥ እኔ ከዶዮገና እስከ ዳምቦያ የሰው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ብረት ሳማርጥ ዕድሜዬን ጨረስኩ። ምንሽርን ከበልጅግ፣ በልጅግን ከለበን ዓይኔን ጨፍኜ በመዳሰስ ብቻ እለያለሁ። ይህንን የምለው ለመመካት ነው፤ ሌላ የምመካበት ስለሌለኝ ይቅርታ ይደረግልኝ።

እንግዲህ ኮሚቴዎ በጠላት ወረራ ዘመን የነበሩ ትክክለኛ ጠመንጃዎችን መርምሮ እንዲያቀርብ በታዘዘው መሠረት፣ የጎረቤቴን የአቶ ወንዳፈረው ተክለጊዮርጊስን በልጅግ አንደኛ ብሎ መርጧል። ጠመንጃቸው በመስተዋት ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ እሳቸውም ሚያዝያ ፳፯ ቀን በሕዝብ ፊት ቆመው በእጃቸው ሦስት ጊዜ ይተኩሱታል። የእኔ ምንሽር ደግሞ ከአንድ የተሰበረ ጥሩምባና ከአንድ ማረሻ ጋር «ልዩ ልዩ» የሚል ወረቀት በተለጠፈበት ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። ስለተደረገልኝ ክብር ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ቅሬታዬ ግን ጥቂት ስለሆነ በቁጥር አቀርበዋለሁ።

፩ኛ፤ በቅድሚያ ኮሚቴዎ ለተጠቀመበት የምርመራ ጥበብ አድናቆቴን እገልጻለሁ። እኔ ሞኙ ጠመንጃ የሚመረመረው ማኅተሙ ተነብቦ፣ ቁጥሩ ተመሳክሮ፣ ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋው ብረት፣ እኛ መዝጊያ የምንለው፣ ተከፍቶ ይመስለኝ ነበር። ክቡርነትዎ ግን ነጭ ጨርቅ አስመጡና ጠመንጃውን ሁሉ በየተራ አስወለወሉ፤ ጨርቁን ያላቆሸሸው አንደኛ ወጣ። በዚህ መለኪያ ከሄድን የባለቤቴ የወይዘሮ ትርፊት ብርጭቆዎች በሙሉ ማይጨው ዘምተው የተመለሱ አርበኞች ናቸው ማለት ነው። የአቶ ወንዳፈረው ጠመንጃ ጨርቁን ያላቆሸሸው ከሁለት ሳምንት በፊት ቫርኒሽ ተቀብቶ ነው። የቀባው አናጢ የእኔንም ቤት በር የቀባ ስለሆነ ሽታውን አውቀዋለሁ። በራችን ይኸው ስንት ክረምት ከዝናብ ጋር ሲዋጋ ኖሯል፤ ነገር ግን አንድም ሰው ጀግና ብሎት አያውቅም።

፪ኛ፤ በትክክለኛ ጠመንጃ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር በአካሉም በመዝጊያውም ላይ ተመትቶ ይገኛል፤ ፋብሪካው መዝጊያውን ለዚያው አካል ብቻ ለክቶ ስለሚሠራው ነው። በአቶ ወንዳፈረው ጠመንጃ ላይ ግን የአካሉ ቁጥር ሌላ፣ የመዝጊያው ቁጥር ሌላ ነው። ሰደፉ ደግሞ ጭራሽ ቁጥር የለውም፤ እንጨቱም የዋንዛ ነው። በልጅግ በተሠራበት በቤልጅግ አገር ዋንዛ ይበቅል እንደሆነ ኮሚቴዎ ቢያጣራልን ለዕውቀታችን ይጠቅመናል። አካሉ ከአንድ አባት፣ መዝጊያው ከሌላ አባት፣ ሰደፉ ከእንጀራ አባት የተወለደ ጠመንጃ ነው እንግዲህ አንደኛ የተባለው። አንተ ይህን በምን አየኸው እንደሚባል አውቃለሁ። ያየሁት አቶ ወንዳፈረው በገና ዕለት ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው ሲያበሉ ነው፤ ሌላው ሥጋው ላይ ሲያተኩር እኔ ግድግዳቸው ላይ አተኮርኩ። በልቼ ባማሁ እንዳይባል ደግሞ፣ ብስጭት አላስበላኝም።

፫ኛ፤ የእኔን ምንሽር በተመለከተ «የዛገና የሚሸት» ተብሎ መመዝገቡን ሰምቻለሁ። የኮሚቴው ጸሐፊ አፍንጫቸውን ይዘው እንደመዘገቡትም ተነግሮኛል። ክቡር ሆይ፣ ይህን ጠመንጃ አባቴ ከጠላት ወታደር እጅ የማረኩት ነው። ጠላት ቤት ለቤት መሣሪያ ሲያስስ እናቴ በኮባ ጠቅልለው ከጓሮ የቆጮ ጉድጓድ ውስጥ አጋደሙት፤ ከላይ ቆጮውን ሞሉበት፤ በቆጮው ላይ ደግሞ ድንጋይ ጫኑበት። ፈታሹ መጥቶ ጉድጓዱን አስከፈተ፣ ሽታው ሲመታው አፍንጫውን ይዞ ሄደ። ከዚያ ፈታሽ ወዲህ በዚህ ጠመንጃ ምክንያት አፍንጫውን የያዘ ሰው ቢኖር የኮሚቴዎ ጸሐፊ የመጀመሪያው ናቸው።

ቆጮ ሲኮመጥጥ ወደ ታች የሚያጠራቅመው ውኃ ብረት ይበላል። ጠመንጃውን የበላው ግን የተኛበትን ጎን ብቻ ነው፤ ያንን ጎን የፈንጣጣ ፊት አስመስሎታል፣ ሌላው ጎን ደህና ነው። ዝገት እንዲህ ጎን መርጦ አይበላም። የፋብሪካ ማኅተም የትም ይመታል፤ ይህ ማኅተም ግን እንሰት ባለበት አገር፣ በፍተሻ ዘመን፣ በአንዲት በፈራች ሴት ጓሮ ብቻ ነው የሚመታው። ጸሐፊው ከሌሞ ገበሬ አንዱን ጠርተው ቢጠይቁ ኖሮ ገና ከሩቅ ሲያየው ይነግራቸው ነበር። ነገር ግን ኮሚቴው የቆጮ ጉድጓድ ያለው ሰው አላስገባም፤ ይህም የሆነው ለንጽሕና ተብሎ እንደሆነ እረዳለሁ።

፬ኛ፤ አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ብዙነህ ቅናት ነው ይህን ያስጻፈው የሚሉ አሉ። ውሸታቸውን አይደለም። አዎን፣ ቀንቻለሁ! አንጀቴ አርሯል። አቶ ወንዳፈረው ጢማቸውን አሹለው፣ ካኪያቸውን አስተኩሰው በደጄ ሲያልፉ ሰላምታ የምሰጣቸው ጥርሴን ነክሼ ነው። ባለቤቴ ትርፊት እንኳ፣ የገዛ ባለቤቴ፣ እንዴት ያምራል ሄደን እንየው እንጂ ጎረቤት አይደሉም ወይ ብላ ነጠላዋን አጥባ አሰጥታለች። በጸሎት ቤታችንም ሰባኪው ባለፈው እሑድ የባልንጀራህን ቤት አትመኝ፣ በሬውንም አህያውንም አትመኝ የሚለውን ሲያነቡ ጠመንጃ ስላልተጠቀሰ ጥቂት ተንፈስ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «ከባልንጀራህ ገንዘብ ሁሉ ማናቸውንም» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ከተማው ሁሉ ያውቃል ማለት ነው፤ ይወቅ። የምቀናው ግን በጠመንጃው አይደለም፤ ያንን ጠመንጃ በገብስ ለውጡኝ ቢሉኝ ገለባ አልሰጥበትም። የምቀናው በመስተዋቱ ነው። በዚያ መስተዋት ውስጥ የአባቴ ስም ተጽፎ እናቴ በምርኩዛቸው ተደግፈው ቆመው ቢያዩት ብዬ ነው።

፭ኛ፤ ይህ የመጨረሻውና ዋናው ስለሆነ፣ ክቡርነትዎ እስካሁን ያለውን በሳቅ ቢያልፉት እንኳ ይህን ግን ቆም ብለው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። ባለፈው ወር በሌሞ የአንድ ትልቅ ሽማግሌ ለቅሶ ላይ ፈረሰኛው ሲጋልብ፣ አልቃሹ ደረቱን ሲደቃ፣ አቶ ወንዳፈረው ያንን በልጅግ አንድ ጊዜ ወደ ሰማይ ተኮሱ። ጭሱ በአፈሙዙ ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላም ወጥቶ ቅንድባቸውን ለበለባቸው። ሕዝቡ ወይ ወንድ እያለ አደነቀ። እኔ ግን፣ በሰው ለቅሶ ላይ እንኳ ዓይኔን ከእሳቸው ጠመንጃ የማላነሳው ምቀኛ፣ ከፈረሶቹ እግር ሥር ገብቼ ከተተኮሰው ጥይት የቀረውን ባዶ ቀለህ አነሳሁ። ቀለሁ ከወገቡ በታች ዙሪያውን ተሰንጥቆ ጠቁሯል። ይህ ማለት መዝጊያው ለዚያ አካል ስላልተለካ ጥይቱን አጥብቆ አይዘጋውም፤ በመካከሉ ክፍተት አለ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጠመንጃ አንድ ጊዜ ይምራል፤ ሁለት ጊዜም ይምር ይሆናል። የማይምር ዕለት እሳቱ በሙሉ ወደ ኋላ፣ በቀጥታ ወደ ተኳሹ ፊት ነው የሚመለሰው። ኮሚቴዎ ደግሞ ሦስት ጊዜ ይተኮስ ብሏል።

ቀለሁን ይዤ ወደ አቶ ወንዳፈረው ሄጄ ነበር። ከልባቸው ስቀው፣ ቅናት ብረት ይሰነጥቃል ሲባል ሰምቼ አላውቅም ነበር ብለው ሸኙኝ። ወደ ኮሚቴውም ሄጄ ነበር፤ ጸሐፊው ቀለሁን ሳይነኩት አንተ ሰውዬ መሸነፍ ልመድ አሉኝ። አይፈረድባቸውም። ዕድሜ ልኩን በሰው ጠመንጃ ላይ እንከን ሲያወጣ የኖረ ሰው፣ አንድ ቀን እውነተኛ እንከን ይዞ ቢመጣ ማን ይሰማዋል? ክቡር ሆይ፣ ጉዳዩን በአደባባይ የጻፍኩት ሌላ መንገድ ስላጣሁ ነው።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው ይህን ብቻ ነው። ከበዓሉ በፊት ባለው በማንኛውም ቀን ጠመንጃው ሜዳ ላይ ከግንድ ጋር ይታሰር፤ ምላጩ ላይ ረጅም የቃጫ ገመድ ይታሰርና ሰው ሁሉ ከግንብ ጀርባ ሆኖ ሦስት ጊዜ ይተኮስ። ደህና ከሆነ አቶ አበራ ሱቅ በር ላይ ወጥቼ የአቶ ወንዳፈረውን ጉልበት እስማለሁ፤ ገመዱን የምስበውም እኔው ነኝ። የእኔን ይተኩሱ አልልም፤ የእኔን ቆጮው በልቶታል፣ ከእንግዲህ አይተኮስም። በዓሉ ድምፅ ያስፈልገዋል ከተባለ ደግሞ ጥሩምባ ይነፋ፤ ሦስት ጊዜ ጥሩምባ ስለተነፋ ድሉ አይቀንስም።

በተረፈ ኮሚቴዎ ለከተማችን ስላሳየው ትጋት፣ ለነጭ ጨርቁ፣ ለጸሐፊው አፍንጫ፣ እንዲሁም «ልዩ ልዩ» ለተባለው ሰፊ ጠረጴዛ ያለኝን ልባዊ ምስጋና ደግሜ እያቀረብኩ፣ ክቡርነትዎን እግዚአብሔር ከክፉ ቀንና ከሚያብለጨልጭ ነገር ሁሉ ይጠብቅልኝ እላለሁ።

ከሁሉ የማንስ፣ ከማንም በላይ የምቀና፣ ታዛዥ አገልጋይዎ

ብዙነህ ላምቤቦ
እህል ነጋዴ፣ ሆሳዕና

ከፊርማዬ በኋላ፦ ይህ ለክቡርነትዎ ሳይሆን ለጎረቤቴ ነው፤ እሳቸው ቢያነቡት ይበቃኛል። ወንዳፈረው፣ እስቲ አቶውን ላንዴ ልተወውና ልንገርህ። ኮሚቴው ይህን ደብዳቤ ጣጥሎ ተኩስ ቢልህ፣ ስለ ልጆችህ ብለህ ያንን ብረት ጉንጭህ ላይ አታስጠጋው። መስተዋቱም ይቅርብኝ፣ አንደኛነቱም ያንተው ይሁን። እኔ አንድ ቀን በልጬህ የምታልፍበትን ደጄን እስክትጠላ ላበሳጭህ ነው ምኞቴ፤ ያን ዕለት ግን በሁለቱም ዓይንህ እያየኸኝ እንድትበግን እፈልጋለሁ።