ያልደማው አጥንት

ኅዳር 12 ቀን

የዓይኔ ማረፊያ ልጄ፣

እንዴት ከርመሻል? እኔና እናትሽ አለን። ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ቢመስልሽ አትሳቂብኝ፤ በግራ እጄ ነው።

እናትሽ በስልክ «እጁን ወለም ብሎት ነው» ያለችሽ እንዳትጨነቂ ብላ ነው። ክረምት ላይ ፀጉር ቤቴ ደጃፍ አዳልጦኝ በቀኝ መዳፌ ወደቅኩ። እብጠቱ ቶሎ ስለጎደለ ናቅሁት፤ በጨርቅ ጠምጥሜ ሥራዬን ቀጠልኩ። እያደር ግን መቀሱ ከእጄ ይወድቅ ጀመር። ምላጭ መያዝ ሲያቅተኝ እናትሽ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችኝ።

ሐኪሟ በአንቺ ዕድሜ ናት። ራጁን መብራት ላይ ሰቅላ አሳየችኝ፤ ከአውራ ጣቴ ሥር፣ አንጓዬ ላይ፣ ኦቾሎኒ የምታክል አጥንት ለሁለት ተሰብራለች።

«አባባ፣ ይህች አጥንት ደም የሚገባላት ባብዛኛው በጣት በኩል ነው» አለችኝ። «ስብራቱ መንገዱን ቆርጦታል። በክንድ በኩል ያለው ግማሽ ደም ካጣ አይገጥምም።»

«ታዲያ ደም ማነስ ነዋ! ጉበት ልብላ?»

ሳቀች። «የእርስዎስ ደም ሞልቷል። እዚያ አልደርስ አለ እንጂ።»

ባለፈው ሳምንት ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ያደነዘዙኝ ክንዴን ብቻ ስለሆነ ሁሉን እሰማ ነበር። ፊቴ ላይ ከጋረዱት መጋረጃ ማዶ ሐኪሟ አጥንቱን እየፋቀች የምትፈልገው ደም ነው፤ ነጥብ ነጥብ እያለ ከወጣ ነፍስ አለው ማለት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው እንዳላደማ ስጠነቀቅ የኖርኩት ሰውዬ፣ ያን ቀን «አምላኬ፣ አድማኝ» ብዬ ለመንኩ።

«ደማ?» አላት ረዳቷ።

«አልደማም» አለች ቀስ ብላ።

ከዚያ ከክንዴ አጥንት ቁራሽ ከነደም ሥሩ አዙራ ተከለችበት። ስትጨርስ «ከያዘ ይይዛል። ካልያዘ ግን...» አለችና ተወችው።

ለእናትሽ «ደሙ ጥሩ ነው ተባልኩ» አልኳት። የሸሚዜን ቁልፍ እየቆለፈችልኝ «አላልኩህም?» ብላ ፊቷን አዞረች። እኔም እንባዋን እንዳላየ ሆንኩ።

ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ። ደግሞ «ከአባዬ በቀር ፀጉሬን ማንም አይነካውም» ብለሽ እያሳደግሽው እንደሆነ ሰማሁ። እዚያም ጥሩ ቆራጭ አይጠፋም። ሂጂና ተስተካከይ፣ ልጄ።

እንቅፋት አይንካሽ፤ እጅሽ የያዘው ሁሉ ይባረክልሽ።

አባትሽ