«ተጠናቋል» ስላለው ግማሽ ዝርዝር

ለክቡር አቶ ምዋፔ ቻንዳ
በወረዳችን የዘርና ማዳበሪያ እደላ ጽሕፈት ቤት የመረጃ ክፍል ኃላፊ
ቺፓታ

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎ፣ በተለይም ማሳዎ፣ እንደምን ከርመዋል? በቆሎዎ ጉልበት ደርሷል ሲሉ ሰምቼ ከልብ ተደስቻለሁ። የእናቴ ማሳ ገና ባዶ አፈር ነውና የእርስዎን እያየን እንጽናናለን።

ስሜን ባያስታውሱት አልቀየምም። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ በክፍልዎ ለስድስት ወር በጊዜያዊነት የተቀጠርሁት ታዎንጋ ሳካላ ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ የላክኋቸው ሦስት ማስታወሻዎች መሳቢያዎ ውስጥ በሰላም ስላረፉ፣ እረፍታቸውን ላለመረበሽ ነው።

አንደኛ፦ ዘር የሚታደላቸውን ገበሬዎች ዝርዝር ከክፍለ ሀገሩ ኮምፒውተር የሚያመጣው ስክሪፕትዎ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በተራ የሚፈጽመው የትእዛዝ ጽሑፍ፣ የሚሠራው በቅብብል ነው፤ አንዱ ትእዛዝ ስሞቹን እየጎተተ ያቀብላል፣ ሌላው የተደጋገመውን አጥርቶ ጊዜያዊ ፋይል ላይ ይጽፋል። እርስዎም ይህን ሥራ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ቀጠሩት፤ በገዛ ቢሮዎ በር ላይ የተለጠፈው፣ መብራት በፈረቃ የሚጠፋበት የሰዓት ሰሌዳም አራት ሰዓት ይላል። የእኛ ኮምፒውተር በባትሪ ሲተርፍ ከክፍለ ሀገሩ ጋር የሚያገናኘን መስመር ተቋረጠ። በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ይመጣ የነበረው ስም ምዋንዛ ላይ ቆመ። ተቀባዩ ትእዛዝ ስሞቹ ያለቁ መስሎት ሥራውን በደስታ ጨረሰ፤ ስክሪፕቱም የመጨረሻውን ትእዛዝ ብቻ ጠይቆ «ተጠናቋል» አለ። ፊሪ፣ ሳካላ፣ ቴምቦ፣ ዚምባ፣ ዙሉ ሁሉ በአንድ ጠዋት ከገበሬነት ተሰናበቱ። ቻንዳ የሚለው ስም ከፊት በመገኘቱ እንኳን ደስ ያለዎት።

ሁለተኛ፦ ቅሬታ ሲበዛ ስክሪፕቱ ሁለት ጊዜ እንዲደገም በማዘዝዎ እናመሰግናለን። ችግሩ ጊዜያዊ ፋይሉ ሁልጊዜ አንድ ስም ነው ያለው፤ ስክሪፕቱ እሱን ካገኘ «መጥቷል» ብሎ እንደገና አይጎትትም። ስለዚህ ያው ግማሽ ዝርዝር ሦስት ጊዜ ታተመ፣ ሦስት ጊዜም ማኅተም አረፈበት። እኔ የለመንሁት አራት መስመር ትእዛዝ እንዲጨመር ነበር፤ ከቅብብሉ አንዱ ሲወድቅ ሥራው ሁሉ እንደወደቀ እንዲቆጠር፣ ፋይሉ በየጊዜው አዲስ ስም እንዲያገኝ፣ ሥራው ቢቋረጥ ግማሹ እንዲጠፋ፣ ሙሉ ሲሆን ብቻ ዝርዝር ተብሎ እንዲወጣ። «ልጄ፣ ማሽኑ ተጠናቋል ካለ አንተ ማነህ?» አሉኝ። በዚያው ሳምንት ውሌ ተቋረጠ። ክፍልዎ ጊዜያዊ ነገር ማጽዳት እንደሚያውቅበት የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

ሦስተኛ፦ እናቴ ቲሳውኬ ሦስቴ መጋዘን ተሰልፋለች። መጋዘን ጠባቂው ቺሌሼ ከቤምባ ብሔር ነው፣ እኛ ከንጎኒ፤ ሁለቱ ብሔሮች ስንገናኝ በቀልድ መሰዳደብ ከጥንት የወረስነው ወጋችን ነው። በመጀመሪያው ቀን ስሟን አጥቶ «እናንተ አይጥ በሎች፣ ኮምፒውተሩም ተጸየፋችሁ!» ቢላት፣ «አንተ ጦጣ በል፣ ፊደል ሲያስቆጥሩህ ኤም ላይ ጥለህ ጠፋህ እንዴ?» ብላ ሰልፉን በሳቅ ገደለችው። በሁለተኛውም ቀን ተሳሳቁ። በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ጀምሮ ነበር። ያንኑ ቀልድ ሲጀምር ጀርባዋን ሰጥታው ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች፤ እሱም ሳይጨርሰው ተወው። ንጎኒ ለቤምባ ስድብ መልስ ሲያጣ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ይህንንም በእርስዎ ዘመን አየን።

ክቡርነትዎ፣ የመዝሪያው ጊዜ ሊያልፍ ዐሥር ቀን ቀርቷል። ያንን ጊዜያዊ ፋይል ሰርዘው መብራት ባለበት ሰዓት ስክሪፕቱን ቢያስነሡት ሥራው ሻይዎ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። አራቱን መስመር ደግሞ እኔ መጥቼ በነፃ እጽፋለሁ፤ ይህን ስል እየቀለድሁ አይደለም።

በበቆሎዎ ጥላ ሥር ሆኜ፣ እጅ በመንሣት፣
ከዝርዝሩ ማዶ የሚገኘው አክባሪዎ
ታዎንጋ ሳካላ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ቺሌሼ ከራሱ ድርሻ ቀንሶ ዘር የያዘ ኬሻ በብስክሌት ጭኖ መጣ። እናቴ «ምን ነካህ?» ብትለው፣ «ማሳሽ ባዶ ከሆነ አይጦቹ ምን ሊበሉ፣ አንቺስ ምን ልትበዪ? እኔስ በማን ልስቅ?» አላት። ኬሻው ግማሽ መሆኑንም ገና ከብስክሌቱ ሳይወርድ፣ ሳትጠይቀው ነገራት።