ያልተነጠረ ቅቤ

ንፋስ መውጫ፣ ጥር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ልጄ አልጣሽ፣ እመቤቴ ማርያም በሰው አገር ከለላ ትሁንሽ። እኛ ደህና ነን፤ ቀይዋ ላም ወልዳለች።

መሪጌታ ዋለ ደብዳቤሽን ሲያነቡልን፣ ድንች ቀቅለሽ በወተትና በቅቤ ጋግረሽ ለጀርመን እንግዶችሽ «የእናቴ ሙያ ነው» ማለትሽን ሰማሁ። ቅቤውን እንኳ ሳታነጥሪ! ጥሬ ቅቤ ለአናት እንጂ ለወጥ መቼ ሰጥቼሽ አውቃለሁ? እንዳልሽው ሠርቼ አየሁት። አባትሽ አንዴ ጎርሰው «ማን ታሞ ነው?» አሉኝ። ጨዉንስ ከላይ መነስነስ ምን ይሉታል? ድንቹ ሲቀቀል ውሃው ውስጥ ጨምሪው እንጂ!

በኮሰረትና በኮረሪማ የተነጠረ ቅቤ በቆርቆሮ ልኬልሻለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። እስኪደርስሽ ድረስ ግን አደራሽን፣ በዚያ ማዕድ ላይ የእኔን ስም አታንሺ።

እናትሽ አሰለፈች